ከሥር የተቆረጡ ስድስት ወረቀቶች

ልጄ መጽሐፍ ሰፊ ነበረች። ማተሚያ ቤት ውስጥ ታጥፎ የሚመጣላትን ወረቀት እየደረደረች በክር ትሰፋለች፤ አሥራ አራት ዓመት ሰፋች። የምትሰፋውን ማንበብ የጀመረችው ገና በመጀመሪያው ወር ነው። «ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ አይቀምስም እንዴ እማዬ?» ትለኝ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆምኩት። ማንበቡን አላጣውም፣ መጽሐፍ ሲወፍር ግን ይከብደኛል። የሚያስፈራኝ ነገር ብዛቱ! ልጅ ሲያስነጥሰው እንኳ እኔ ብርድ ልብስ ይዤ እሮጣለሁ።

ከታመመች በኋላ ሁለት የሥራ ጓደኞቿ አርብ አርብ ከሥራ ሲወጡ ይመጡላት ነበር። አንዷን ሙጫ ይሏታል። ሽፋን ለጣፊ ናት፤ ጣቷም ይጣበቃል፣ እሷም ከተቀመጠችበት ቶሎ አትላቀቅም። ሌላው አራሚው ነው፤ የፊደል ግድፈት ሲለቅም ዓይኑ የደከመ ሽበታም። ሦስቱም አንድ መጽሐፍ ይቀባበላሉ። ሙጫ በኋላው ሽፋን ውስጥ የወረቀት ኪስ ትለጥፍበታለች፣ አንብቦ የጨረሰ ሁሉ የተሰማውን በአንድ መስመር ጽፎ እዚያ ይከታል። ሕግም ነበራቸው፤ የመጽሐፉን መጨረሻ የተናገረ የሁሉንም ብርጭቆ ያጥባል።

«እሺ፣ ምን እያነበባችሁ ነው?» ትላለች ልጄ፣ ትራሷን ሳስተካክልላት።

«እኔ ያቺን የመርከበኛውን ሚስት ይዣለሁ» ትላለች ሙጫ። «ሦስት መሐረብ ጨረስኩ። እኔ ያላስለቀሰኝን መጽሐፍ አላምነውም።»

«አንቺን የስልክ ማውጫም ያስለቅስሻል» ይላል አራሚው።

«አንተስ ምን አገኘህ?»

«ገጽ አርባ ላይ የሴትዮዋ ዓይን ጥቁር ነው። ገጽ መቶ ሁለት ላይ ቡናማ ሆነ።»

«ታሪኩን እኮ ነው የጠየቅንህ!»

«ዓይኗን ስጠብቅ ታሪኩ አመለጠኝ።»

ልጄ ትስቃለች። ስትስቅ ጎኗን ትይዛለች። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እጇን ብቻ አያለሁ።

ሐኪሙ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ ነው የነገረኝ። በሽታው ከጉበቷ አልፏል፤ ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት። ለሷ እንዳይነግርብኝ እጁን ይዤ ለመንኩት። እናት ለልጇ እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው አፏ ትናገራለች? «ጉበትሽ ተቆጥቷል፣ ዕረፍት ነው መድኃኒቱ» አልኳት። የጓደኞቿንም አፍ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት፣ ሚጢጢ እንላታለን። አባቷ ከተወለደች ወዲህ ዞር ብሎ አላያትም። «እናቴ መቼ ነው የምትነሳው?» ስትለኝ «በቅርቡ» እላታለሁ። ቀኑ ሲቆጠር፣ የልጄ ጣቶች እያበጡ ሲሄዱ፣ እኔ «በቅርቡ» ነኝ።

አንድ አርብ ሙጫ ብርጭቆ የምታቀብለኝ መስላ ወጥ ቤት ተከትላኝ ገባች።

«እናቴ፣ ዛሬ ያመጣንላትን መጽሐፍ ባይሰጧት ይሻላል።»

«ምን አለበት?»

«ስሙን ሰምታ እሷው ናት አምጡልኝ ያለችው፣ እንቢ ማለት አቃተን። አንዲት የታመመች አስተማሪ አለች፤ መጨረሻው ላይ...» አፏን በመዳፏ ከደነች። «በቃ ብርጭቆውን እኔ አጥባለሁ።»

በማግስቱ ልጄ እንቅልፍ ሲወስዳት መጽሐፉን ወጥ ቤት ወስጄ ከኋላው ጀመርኩ። ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ስድስት ወረቀት ለማንበብ ረፋዱ አለቀ። ሴትዮዋ ትሞታለች። መሞቷስ ይሁን፤ ቤተሰቦቿ «ትድኛለሽ» እያሏት፣ ልጇን ለማን እንደምትተው ሳትናገር ነው የምትሞተው። ምላጭ አመጣሁ። ምልክት እንዳይቀር ብዬ ከሥሩ፣ ከመስፊያው ክር አጠገብ፣ አንድ በአንድ ቆረጥኩና ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። የቀረው ገጽ ላይ አስተማሪዋ መስኮት ከፍታ ዝናቡን ታያለች። ደግ መጨረሻ ነው፣ በዚህ ይለቅ አልኩ።

በሚቀጥለው አርብ ሁሉም እንደተለመደው ተቀምጠዋል። ሚጢጢ እናቷ እግር ሥር ናት።

«ዝናቡ ላይ ነው የሚያልቀው» አለች ልጄ። «ደስ ይላል፤ ግን የተንጠለጠለ ነገር አለው።»

አራሚው መነጽሩን አወለቀ። ሙጫ ሻይዋን ትኩስ ነው ሳትል ጠጣችው። ልጄ ያነበበችውን ልታሳያቸው መጽሐፉን ከፍ ስታደርግ፣ ከመካከሉ ስድስት ወረቀቶች ሾልከው ብርድ ልብሱ ላይ ወደቁ። እኔ ያልቆረጥኳቸው፣ በወጉ የተነበቡ ወረቀቶች።

«እማማ፣ መጽሐፉ ተቀደደ!» አለችኝ ሚጢጢ እየሰበሰበች።

ልጄ ያበጠውን ጣቷን መስፊያው ውስጥ አስገብታ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።

«ዛሬ እንግዲህ ሂዱልኝ» አለቻቸው በቀስታ። «ሚጢጢዬ፣ ሸኚያቸው።»

ሁለታችን ስንቀር አየችኝ።

«እማዬ፣ መጽሐፍ እንዴት እንደሚሰፋ ነግሬሽ አላውቅም አይደል?»

«ምን ሆነ?»

«አንድ ትልቅ ወረቀት ለሁለት ይታጠፍና እጥፋቱ ላይ ይሰፋል። ስለዚህ የፊቱና የኋላው አንድ ወረቀት ናቸው። የኋላውን ከሥሩ ከቆረጥሽው የፊቱን የሚይዘው የለም። ትንሽ ብታስቀሪለት ኖሮ ይይዝ ነበር።»

«አይጥ ይሆናል» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«አይጥ በምላጭ አይበላም።» መጽሐፉን ዘጋችው። «ንገሪኝ። መጨረሻው ምንድን ነው?»

«አላነበብኩትም።»

«እማዬ። ብርጭቆውን ታጥቢያለሽ እንጂ ማንም አይገርፍሽም።»

ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለ አስተማሪዋ ጀመርኩ፣ ግማሹ ላይ ስለ አስተማሪዋ መሆኑ ቀረ። ሐኪሙ ያለኝን፣ ኮሪደሩን፣ ወሩን ሁሉ ተናገርኩ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ በገዛ አፌ አደረስኩት። አላለቀሰችም። እጇን አንሥታ እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጣ አየችው።

«መቼ ነው የነገረሽ?»

«ሁለት ወር ከሳምንት ሆነው።»

«ያኔ ይኼ እርሳስ ይይዝ ነበር» አለች። «ለልጄ እጽፍላት ነበር። በራሴ እጅ።»

እንደዚያ ቀን አንሼ አላውቅም።

በማግስቱ የሚጢጢን ባዶ ደብተር አምጪ አለችኝና እኔ ጻፍኩ፣ እሷ ተናገረች። እጄ ዘገምተኛ ነው፤ እሷ አንድ ቃል ብላ ትጠብቀኛለች፣ ስትጠብቀኝ ትደክማለች። ሚጢጢ የተወለደችበትን ጠዋት አጻፈችኝ። ስትቆጣ ከማን ጋር እንደምትመሳሰል፣ የትኛው መጽሐፍ በስንት ዓመቷ እንደሚሰጣት፣ የትኛውን አራሚው እንዲያነብላት፣ ሙጫ ስታለቅስ እንዳትስቅባት። በአራተኛው ቀን «አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ትልቅ ስትሆኚ ሰዎች» ብላ ዓይኗን ከደነች። ትንሽ ልረፍ ያለች መስሎኝ እርሳሱን እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ቆየች፣ ቃል ግን አልወጣትም።

ደብተሩን ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ገና ልጅ ናት፣ ሆዷ ይባባል፣ ትንሽ ትደግ እያልኩ። አንድ ቀን መሳቢያውን ስቆልፍ እጄን አየሁት፤ ምላጩን የያዘው እጅ ነው። አውጥቼ ሰጠኋት።

ሚጢጢ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አነበበች። እንደ እናቷ በቶሎ ነው የምታነበው። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ደረሰች፣ ገለበጠችው፣ ባዶ ነው። መልሳ ገለበጠችው። ከዚያ ጣቷን ደብተሩ መስፊያ ውስጥ አስገብታ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች።

«እማማ፣ የቀረውን ማን ቆረጠው?»

የተቆረጠ ወረቀት አልነበረም። ከደብተሩ አንድም ገጽ አልጎደለም። እንዲህ ብዬ ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።