ፍሬ የሌለው ማንጎ

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ባድሩ የሰማው ከአባቱ ነው፤ ያመነበት ግን ሲቀላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ነው። «ገበያ እንዴት ነው?» ሲሉት፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቆም ቢሆን «ሞቷል ወላሂ!» ይላል። ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ይላል፤ ባድሩ ሲለው ግን ለቅሶ ቤት የዋለ ይመስላል።

አይዳ የምትባል ዘንድሮ በሥዕል የተመረቀች ልጅ የሣለቻቸውን የአርባ ሥዕሎች ፎቶ ይዛ መጣች። «ጋሼ ባድሩ፣ ሕይወቴን ይመስላሉ የሚሏቸውን ሦስት ይምረጡልኝ። ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ከስምዎ ጋር ይሰቀላሉ» አለችው።

ባድሩ ሥዕሎቹን አላየም፤ ያየው ልጅቷ ወደ እሱ ከመምጣቷ በፊት የወጣችበትን በር ነው። የአከራዩ የጋሽ ጉግሳ በር ነበር።

ነገሩ ወዲያው ገባው፣ ወይም የገባው መሰለው። የሱቁ ውል ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። የጉግሳ ልጅ ካሌብ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ይዞራል። ሱቁ እንደደራ ከታወቀ «ለልጄ ፈልጌዋለሁ» መባሉ አይቀርም። «እቺማ ልታወጣጣኝ የተላከች ናት» አለ በሆዱ።

እጁ መጀመሪያ ያነሳው በዝናብ አንድ ጃንጥላ ሥር የሚሳሳቁ ባልና ሚስትን ነበር። ሚስቱን ረሒማን አስታወሱት፤ ደስ አለው። ደስ ማለቱ አስደነገጠውና ቶሎ መለሳቸው። በምትኩ ባዶ ቅርጫት፣ ብቻውን የተቀመጠ ሰውዬና ፍሬ የሌለው የጫኖ ማንጎ ዛፍ መረጠ።

«ይኸው ነው ኑሮዬ» አለ፣ እንባ እንባ እያለው።

ቅዳሜ ረሒማ አዲሱን ሻሿን አድርጋ፣ ባሏ የመረጠውን ለማየት ቸኩላ ከፊቱ ትሄድ ነበር። አዳራሹ ሲደርሱ ባድሩ መጀመሪያ ያየው የጉግሳን ስም ነው፤ ከሥሩ ሦስት ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ለካ ልጅቷ እሱንም ልታስመርጠው ነው የገባችው። የላካት ሰው የለም።

ረሒማ ማንጎው ፊት ቆማ ቀርታለች። ባድሩ ያኔ ነው የነቃው። ከተጋቡ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ልጅ አልወለዱም። ዘመዶቹ ሌላ ሚስት አግባ ብለው ሲወተውቱት፣ «አንቺ ትበቂኛለሽ» እያለ የኖረ ሰው ነው። እሷም የኖረችው በዚህች ቃል ነው።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችው።

ወዲያው ጉግሳ መጥቶ የባድሩን ትከሻ ያዘ። «እንዲህ ተከፍተህ እንደምትኖር መች አወቅኩ? አይዞህ፣ ውሉን እናድሳለን፤ ሱቁን ማንም አይነካብህም።»

ዝም ቢል ሱቁ የሱ ነው። ረሒማ ግን ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ወደ በሩ ዞራ ነበር።

«ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ ባድሩ። «ጋሼ ጉግሳ፣ ገበያዬ ደርቷል! ቤቴም ሙሉ ነው! ሱቁን እንዳትወስድብኝ ብዬ ነው የመረጥኳቸው!»

የጉግሳ እጅ ከትከሻው ወረደ። ረሒማ ተመልሳ ባሏን አየችው። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አይታው አታውቅም፤ ባድሩ ግን አስተያየቷን አወቀው፣ እሱ ራሱ ሰውን ሲጠረጥር የሚያይበት ነው።

«ለሱቅ እንዲህ የምትዋሽ ከሆነ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ትበቂኛለሽ ያልከኝስ?»