አህያው ወደ ቤቱ ሄደ

«የለምለም ስጦታ» የሚለውን መጽሐፍ ያነበባችሁት በአማርኛ ስለሆነ እኔም የምናገረውን በአማርኛ ልናገር። በአማርኛ መናደድ እንደምችል የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ይወቁት። ፈትነው፣ ነጥብ ሰጥተው፣ ማኅተም የመቱበት የምስክር ወረቀት የሰጡኝ እነሱ ናቸው።

መጽሐፉ የእኔ ነው። ሽፋኑ ላይ «ደራሲ ንጋሲ በረከት» ይላል። ንጋሲ በዕድሜው ከደብዳቤ በቀር የጻፈው ነገር የለም፤ ደብዳቤውንም ቢሆን «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብሎ ካልጀመረ እጁ አይንቀሳቀስም።

እኔ እንዴት እንደምጽፍ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። የምኖረው ዓኽርያ የሚባል ሰፈር ነው፤ በርሜል እየቀጠቀጡ ምድጃና ባልዲ ከሚሠሩ ሰዎች ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ። መዶሻው ካልጮኸ መጻፍ አልችልም። እሑድ እሑድ እነሱ ሲያርፉ እኔም እጄን አጣጥፌ እውላለሁ። ተቀምጬም አይሆንልኝም፤ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተደግፌ፣ ቆሜ ነው። እርሳሴ የአናጢ እርሳስ ነው፤ ቀጭን እርሳስ ይሰበርብኛል፣ ስናደድ ስለምጫን። ወረቀቴን የሚያመጣልኝ ሲኒማ ቤት የሚሠራ ጎረቤቴ ነው፤ ጊዜያቸው ያለፈ የፊልም ማስታወቂያዎች። በፊት በኩል አንዷ የጣሊያን ቆንጆ ከንፈሯን አሞጥሙጣ ትስቃለች፣ በጀርባዋ አህያ ይራገጣል።

የአህያውንም የዘበኛውንም ድምፅ ራሴ እያወጣሁ ነው የምጽፈው። ቀጥቃጮቹ መዶሻቸውን አቁመው «መምህርት ዛሬም ተነሣባት» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ምን ያሳፍረኛል? እነሱም በርሜል ሲቀጠቅጡ አፋቸውን ያጣምማሉ።

አንድ ምዕራፍ ሲያልቅልኝ በማግሥቱ ጠዋት ጠቅልዬ ወደ ፌርማታው ይዤው እሄዳለሁ። ወደ ማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚሄዱት የዓኽርያ ልጆች አውቶቡስ የሚጠብቁት እዚያ ነው። አውቶቡሱ እስኪመጣ አነብላቸዋለሁ፤ ሲመጣ ቃል መሃል ላይ ብሆንም አቆማለሁ። ምዕራፎቼ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ፣ ኋላ ንጋሲ በመቅድሙ እንደዘባረቀው «የሥነ ጽሑፍ ስልት» አይደለም። ሳነብ የማየው ወረቀቱን ሳይሆን ዓይናቸውን ነው። አንድ ልጅ አውቶቡሱ መጣ አልመጣ ብሎ ወደ መንገዱ ካየ፣ እዚያች መስመር ላይ ምልክት አድርጌ ቤት ስገባ እሰርዛታለሁ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የመስመሯ ነው። እንዲህ እየሰረዝኩ አንዱ መጽሐፍ አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ታሪኩ ስለ አንድ ውሃ የሚያመላልስ አህያ ነው። እንደ ጣሊያን ሹም ሆዱን አስቀድሞ ስለሚሄድ ኮሜንዳቶሬ ይሉታል። ባለቤቱ ለምለም የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ከተማው ትልቅ እንግዳ ሊቀበል ሽር ጉድ ሲል ዘበኞች አህያውን ከለምለም ይቀማሉ፤ አጥበው፣ አንገቱ ላይ ሪባን አስረው ለእንግዳው ሊያበረክቱት። በመጨረሻው ምዕራፍ፣ የሙዚቃ ባንዱ ማርሽ ሲጀምር፣ ኮሜንዳቶሬ ዞር ይላል። በሹማምንቱ መሃል ቀስ ብሎ ያልፋል። ማንንም አይረግጥም፣ ማንንም አይነክስም። አህያው ወደ ቤቱ ሄደ። አለቀ።

ይቺን የመጨረሻ መስመር ያነበብኩ ዕለት አውቶቡሱ ወዲያው መጣ፣ ልጆቹም እየሳቁ ሮጡ። አንዲት ብቻ ተመለሰች፤ ርግበ የምትባል፣ ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል የነበረች፣ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ።

«ለምለምስ?» አለችኝ።

«ከኋላው ሄደች» አልኳት። ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ለእሷ ብቻ የነገርኳት ነው።

የጻፍኩት በትግርኛ ነበር። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ትግርኛ ከክፍል ሲባረር፣ ማተሚያ ቤት ይዤው ብሄድ ባለቤቱ ርዕሱን ብቻ አይቶ መልሶ ዘረጋልኝ። ያኔ ነው ንጋሲ የመጣው። መምህራን ማሠልጠኛ አብረን ተምረናል፤ እሱ ጠመኔ ጠልቶ ወንበር ወደደና ጽሕፈት ቤት ገባ። «በአማርኛ አምጪው፣ እኔ አሳትምልሻለሁ» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ አንድ ዓመት ሙሉ ተረጎምኩት። ልጆች እጅ እንዲገባ ብዬ እንጂ ምን ቆርጦኝ! ሰጠሁት። ዓመት አለፈ፣ ድምፁ ጠፋ።

በ1959 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ፌርማታው ዘንድ ሻሂ የሚሸጠው ሻዕባን ከሩቅ አይቶኝ እጁን አወናጨፈ። ሻዕባን የወሎ ሰው ነው፤ ለሥራ መጥቶ ዓኽርያ የቀረ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ሲያዳምጠኝ ኖሯል። ልጁ ጀዋሂር ስድስተኛ ክፍል፣ እኔ ዘንድ ነው የምትማረው።

«እንኳን ደስ አለዎት መምህርት!» አለኝ። «አህያዎን አተሙልዎ! ጀዋሂር ትናንት ተሰጥቷት አነበበችልኝ። መጨረሻው ግን... ወላሂ፣ መጨረሻውን ምን ነክቶዎት ነው ያበላሹት?»

መጽሐፉን ከጀዋሂር እጅ ወሰድኩ። የንጋሲን ስም አየሁ። ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጥኩ። ለምለም በገዛ እጇ አህያውን እየሳበች ወስዳ፣ እጅ ነሥታ፣ ለእንግዳው ታበረክታለች። እንግዳው ከረሜላ ይሰጣታል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። «አህያውም በደስታ አናፋ» ይላል።

በደስታ! ደሜ ፈላ። ያን አህያ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ሲደሰት እንደማያናፋ አውቃለሁ። ልጆቹም ያውቃሉ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተጽፏል፣ ደደቡ እሱን እንኳ አላነበበውም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ጽሕፈት ቤቱ ገባሁ። በትግርኛ ጀመርኩ፣ ንጋሲ በአማርኛ መለሰልኝ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም።

«ኣብርሄት፣ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«ስሜ የታለ?»

«ስምሽ ያለበት ወረቀት አለ፣ መጽሐፍ ግን አይደለም» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተማሪዎቹ ሰልፍ የወጡ ጊዜ ክፍልሽን ዘግተሽ አላስቀረሻቸውም ተብሎ ተጽፎብሻል። በአንቺ ስም ቢቀርብ ኖሮ ዛሬ አመድ ነበር። እኔ አዳንኩት።»

«መጨረሻውንም አዳንከው?»

«ኮሚቴው አልተቀበለውማ! አህያ ሹማምንት ረግጦ ሲሄድ...»

«አልረገጠም! ዞሮ ሄደ እንጂ!»

«እሱማ ይብሳል» አለኝ። «ልጆች እንዲያነቡት አይደል የፈለግሽው? ይኸው በየትምህርት ቤቱ ያነቡታል። የስድስተኛ ክፍል ማንበቢያ ሆኗል፤ አንቺም ታስተምሪዋለሽ። ልታመሰግኚኝ ሲገባሽ ትጮኺብኛለሽ።»

የቀለም ጠርሙሱን አንሥቼ ልወረውር ነበር። መልሼ አስቀመጥኩትና በሩን በላዩ ላይ ደርግሜ ወጣሁ።

በማግሥቱ ፌርማታው ላይ ድንጋይ ላይ ቆምኩና ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ ዛትኩ። «ተቆጣጣሪ ይምጣ! ማንም ይምጣ! መጽሐፉ የእኔ ነው፣ መጨረሻውም ይህ አይደለም ብዬ በፊታቸው ካልተናገርኩ ሰው አይደለሁም!» አልኩ። ሻዕባን «ይበሏቸው መምህርት! እኔም እመሰክራለሁ!» ብሎ የዚያን ቀን ሻሂ በነፃ ሰጠኝ። ርግበ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ከሁሉም ፊት ቆማ ነበር። እሷም አሁን ስድስተኛ ክፍል፣ የእኔ ተማሪ ናት። የተናገርኩትን ቃል በቃል እንደያዘችው ከዓይኗ አየሁ።

የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ዘረጋ። ንጋሲ አብሮት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የዕለቱ ትምህርት የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ነበር።

አነበብኩ። ሪባኑን፣ ማርሹን፣ ከረሜላውን። ድምፄ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ የእኔ አይመስልም ነበር። አርባ ልጆች ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል፤ ግማሾቹ የፌርማታው ልጆች ናቸው። «አህያውም በደስታ አናፋ» የሚለው ጋ ደረስኩ። አሁን እናገራለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ገለበጠ። በስሜ ላይ የተጻፈው ወረቀት ያ ይሆን? አልኩ በልቤ። ደመወዜን፣ ክፍሌን፣ መስኮቴን አሰብኩ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ጥያቄ ያለው?» አልኩ።

ርግበ ተነሣች።

«ኣይኮነን!» አለች። ወዲያው በአማርኛ መናገር እንዳለባት ትዝ አላትና «እንዲህ አይደለም መምህርት። ኮሜንዳቶሬ ወደ ቤቱ ነው የሄደው» አለች።

ተቆጣጣሪው ቀና አለ። «ማነው እንዲህ ያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ርግበ ጣቷን አልቀሰረችብኝም። ስሜንም አልጠራችም። አየችኝ ብቻ። የምናገርበትን ቦታ ከፍታልኝ እስክናገር ትጠብቀኝ ነበር።

«ይቺ ልጅ ትቃዣለች» አልኩ። «ትክክለኛው መጽሐፉ ላይ ያለው ነው። ነይ ውጪ። ተንበርከኪ።»

ጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ደወል እስኪደወል ተንበረከከች። አላለቀሰችም። ተቆጣጣሪው «ሥርዓት አለ» ብሎ ጻፈ። ንጋሲ እንኳ፣ ያ ንጋሲ፣ ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ።

ለእሷ ብዬ ነው፣ ማን ነገረሽ ብለው እንዳያስጨንቋት ነው፣ አዳንኳት እያልኩ እስከ ዓኽርያ በእግሬ ሄድኩ። ቤቴ በር ላይ ስደርስ ቃሉ የማን እንደሆነ ትዝ አለኝ። «አዳንኩት» ነበር ያለኝ ንጋሲም። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥቃጮቹን መዶሻችሁን አቁሙልኝ ብዬ ጮኽኩባቸው።

በማግሥቱ ፌርማታው ላይ ሻዕባን አላየኝም። ዓይኔ ሥር ቆሞ አላየኝም።

«ሻሂ አለ?» አልኩት።

«አልቋል» አለኝ። ማንቆርቆሪያው ከሰሉ ላይ እየተንተከተከ ነበር። ጀዋሂር ነግራዋለች።

ልጆቹ ወዲያ፣ እኔ ዛቻዬን የዛትኩበት ድንጋይ ዙሪያ ተሰብስበው ነበር። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችው ርግበ ናት። በትግርኛ፣ ያለ ወረቀት፣ እየተረከችላቸው ነው። ዘበኛውን እንደ እኔ አፏን አጣምማ ትናገራለች። የረሳኋቸውን፣ የሰረዝኳቸውን ሁሉ ታውቃለች። ሪባኑ ጋ ስትደርስ አውቶቡሱ መጣ።

እኔ ብሆን አቆም ነበር። እሷ አላቆመችም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ደገመ። ዓይኖቻቸውን ተራ በተራ አየሁ፤ የለመድኩት ሥራ ነውና እጄ ሳላስበው እርሳሴን ያዘ። ወደ መንገዱ ያየ አንድ ልጅ አልነበረም። አውቶቡሱ ባዶውን ሄደ።

«አህያው ወደ ቤቱ ሄደ» አለች ርግበ። «ለምለምም ከኋላው።»

ከታናናሾቹ አንዱ «ማነው የጻፈው?» ብሎ ጠየቃት።

ርግበ ቀና ብላ በልጆቹ ራስ ላይ አየችኝ። ጉልበቷ ላይ የሲሚንቶው ጭረት ነበር።

«እንጃ» አለች። «የጻፈው ሰው የለም።»

ከዚያ ደብተራቸውን ይዘው ሁሉም በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ።

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው፣ በፊልም ማስታወቂያ ጀርባ፣ መዶሻው እየጮኸ። ንጋሲን ይቅር አላልኩትም፣ አልለውምም። መጽሐፉ እጃችሁ ላይ ካለ የመጨረሻውን ገጽ ቅደዱና ርግበ ያለችውን ጻፉበት። ሽፋኑ ላይ ያለውንም ስም ሰርዙ።

ስሜ ኣብርሄት ዘርአብሩክ ነው። አህያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ያንበረከክኳትም እኔ ነኝ። ስሜን ስትጽፉ ሁለቱንም አብራችሁ ጻፉልኝ።