መጽሐፍ ውስጥ የቀረ ይቅርታ

በያጁ መጽሐፍ የጻፈው ደራሲ ለመባል አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሙን ለማዋረድ ነው። ያ ሰው በልጅነታቸው የአባታቸውን የብየዳ ማሽን አቃጥሎ በታናሹ በበያጁ ላይ አላከከ። አባትየው ታናሹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ፣ ከቤት አባሮ፣ እንዳኮረፈው ሞተ። ታላቅየው የአባቱን ሱቅም ወረሰ፣ ምርቃቱንም። በያጁ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ሲጠብቅ ኖረ፤ ወንድሙ በገዛ አፉ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» እንዲለው።

የአሳታሚው ድርጅት አርታኢ፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት፣ ረቂቁን አንብባ አስጠራችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ታላቅየው ከእናቱ ሆድም ጥርሱን እያፋጨ ነው እንዴ የወጣው?»

«አታውቂውማ!»

«አንባቢም አያውቀውም። ለምን እንደዋሸ ይንገሩን እንጂ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይጸጸት። እንዲህ እንዳለ አናትመውም።»

ደሙ ፈላ። ግን ከስድስተኛ ክፍል የቀረ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ቤቱ ገብቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ለዚያ ክፉ ምክንያት ይፈልግለት ጀመር። አባታቸው የሚገርፍበት ቀበቶ ትዝ አለው። ቀበቶውን ጻፈለት፤ የልጅ ፍርሃትም ጨመረለት። በመጨረሻ ታላቅየው የታናሹን በር አንኳኩቶ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ ይቅር በለኝ» አለ። በያጁ ይህችን ሲጽፍ እንባው ወረቀቱን አበላሸው።

መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ታላቅየው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ መጽሐፉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ በያጁ ራሱ በከፈታት ሱቅ ከች አለ።

«አንተ ጉደኛ! አሳመርከኝ እኮ! ሚስቴ ስታለቅስ አደረች። ሰፈሩ ሁሉ እያስቆመኝ 'ይቅርታ መጠየቅ ትልቅነት ነው' ይለኛል።»

በያጁ የያዘውን የብረት በር ለቀቀው። «መቼ ጠየቅከኝ?»

«ኧረ ባክህ! ይኸው ተጽፎ የለ? እኔ ብናገረው እንዲህ ያምርልኛል?»

«አንዴ በአፍህ በለው። እኔና አንተ ብቻ ነን፣ ሰው አይሰማህም።»

ታላቅየው ወደ ደጅ አየት አደረገ። «አንተ ደግሞ ያለቀ ነገር መቆስቆስ ትወዳለህ። በል ፈርምልኝ፣ ለልጆቼ ላሳያቸው።»

በያጁ የተዘረጋለትን እስክሪብቶ አልተቀበለም። ከእንግዲህ በደለኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ይቅርታ ጠይቆህ የለ እንዴ፣ አንተው ጽፈኸዋል ነው የሚሉት። ክፉውን ወንድሙን በመጽሐፉ ሰው ካደረገው በኋላ፣ ክፉው እሱ ራሱ ሆኖ ቀረ።

ጭምብሉን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ መበየድ ጀመረ። ታላቅየው የብየዳው ብርሃን ዓይኑን እንዳይወጋው በመጽሐፉ ፊቱን ከለለ።