የወንድሜ ሰርግ ነው

መጋረጃ ሰፊዋ መርዶውን የሰማችው በማለዳ፣ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ስትታገል ነው። የደወለችላት የወንድሟ ሚስት ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ሲተኛ ደህና ነበር፤ ሲነጋ አልተነሳም። ቀብሩ በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ አላለቀሰችም። የስፌት መኪናዋን ሸፈነች፣ ሱቋን ቆለፈች፣ አሮጌ መኪናዋን አስነስታ ብቻዋን ወጣች። ባልም ልጅም የላትም። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያን ልጅ ያሳደገችው እሷ ናት። ሕፃን ሳለ ጉንጩ ሙሉ ስለነበር «ድንቡሼ» አለችው፤ አድጎ እንደ ሸምበቆ ሲቀጥንም ስሙ አልለቀቀውም።

መንገዱ ሩቅ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ዳገት መሃል ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለና መኪናዋ እንደ ለገመች በቅሎ ቀጥ አለች። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በገመድ እስከ ቅርቡ ከተማ ጎተተላትና መንገዱን ቀጠለ። ከተማ ከተባለ፣ አንድ ጎዳና፣ አንድ ነዳጅ ማደያና አንድ ጋራዥ ነው።

መካኒኩ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት የጠገበ፣ ወፍራም ሳቂታ ሰው ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ። የውሃ ፓምፑ ተሰብሯል፤ ሞተሩ አለመቃጠሉ ራሱ ተመስገን ያሰኛል። ዕቃው ግን እዚህ አይገኝም፤ ነገ ረፋድ ላይ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው። እሷ ወደምትሄድበት የሚሄድ አውቶቡስ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። የዛሬው አልፏል፤ የነገውም ቢሆን እዚያ የሚገባው ሲመሽ ነው። የማታውቀውን ወንድ ሁሉ «ወንድሜ» ብላ መለመን ልማዷ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ቃሉን ትታ ስልኳን አወጣች።

ለወንድሟ ሚስት ደወለች። ዘመድ ሁሉ ስለተጠራ ቀብሩን ማቆየት አይቻልም።

«በቃ፣ አትጠብቁኝ» ብላ ዘጋች።

«ምነው እትዬ፣ እንዲህ ያስቸኮለዎት?» አላት መካኒኩ፣ ፊቷን አይቶ ሊያጫውታት ፈልጎ። «ሰርግ አለብዎት እንዴ?»

«ወንድሜ ሞተ» የሚለውን ገና ለማንም አላለችውም። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አዎ» አለች። «የወንድሜ ሰርግ ነው።»

መካኒኩ እንኳን ደስ ያለዎት አላት። የሙሽራውን ዕድሜ ሲሰማ ደግሞ ይኼ ሰውዬ እስካሁን የት ነበር ብሎ ሳቀ። መርጦ መርጦ ነዋ ብላ እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ ይዟት ሄደ። ድንቡሼ ልጅ ሳለ የመጋረጃ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲደበቅ እዚያው እንቅልፍ ይወስደው እንደነበር፣ እሷም ጠፋብኝ ብላ ሰፈሩን ስታዳርስ እንደምትውል፣ ዛሬም ድረስ ሲበላ እንደሚያንጎራጉር አወራችለት። «ይወዳል»፣ «ይላል» እያለች ነበር የምታወራው። ያን ከሰዓት በኋላ ድንቡሼ በሕይወት ነበረ።

ሲመሻሽ ማደያው አጠገብ አልጋ ያዘች። የክፍሉ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። የመጋረጃው ጠርዝ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣችና አልጋው ላይ ቆማ፣ ማንም ሳያዛት፣ ከዳር እስከ ዳር ሰፋችው። ሲያልቅ የምትሠራው ነገር አጣች።

በማግስቱ አውቶቡሱ አርፍዶ መጣ። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ ሲፈታና ሲያስር፣ እሷ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ጥላዋ እያጠረ ሲሄድ ታያለች። ሥራው ሲያልቅ መኪናዋን እስክታብረቀርቅ አጠበላት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሚስቱ ከጓሯቸው የቀጠፈችውን አበባ ይዞ መጣና ኮፈኑ ላይ በሪባን አሰረው።

«ሙሽራ ቤት በቆሸሸ መኪና አይገባም» አላት።

መጋረጃ ሰፊዋ አበባውን አየች። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር።

«ወንድሜን አሁን እየቀበሩት ነው» አለችው፣ ድምጿን ሳታነሳ።

መካኒኩ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሲዘፍን የነበረውን የጋራዡን ሬዲዮ ዘጋ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ለምን ዋሹኝ አላላትም። አበባውን እያየ፣

«ያ መጋረጃ ውስጥ የሚደበቀው?» አላት።

ራሷን ነቅንቃ አዎ አለችው። ሌላ ደንበኛ መጥቶ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ፤ መካኒኩ ቀና ብሎም አላየው። የቀብሩ ሰዓት እስኪያልፍ አብሯት ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ሪባኑን ፈታ፣ አበባውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠላት።

ስትደርስ ጀንበር ጠልቃ ነበር። ግቢው ውስጥ ወንበሮቹ ተደራርበዋል። ሰው ሁሉ አልቅሶ ወጥቶለታል፤ ዝግ ባለ ድምፅ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ያወራል። ሲያይዋት ተነሱ፣ አቀፏት፣ መንገዱ እንዴት ነበር አሏት። የወንድሟ ሚስት ድምጿ ተዘግቷል፤ እጇን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻትና ድንቡሼ ይተኛበት በነበረው በኩል አስቀመጠቻት።

መጋረጃ ሰፊዋ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ሴቶቹ ተከትለው ገብተው በለቅሶ ሊያግዟት ሞከሩ፤ እንባቸው ግን ቀን ላይ አልቋል። ጥቂት ከበዋት ቆሙ። ከዚያ አንድ በአንድ ወጡ፤ የመጨረሻዋ በሩን ቀስ ብላ መለሰችላት።