በትንሽ ፊደል

እና ሰርዋ ናት ፎርሙን የምትሞላው፣ ሰርዋ፣ በቀደም ማውዙ በየት በኩል እንደሚያዝ ስትጠይቀው የነበረችው፣ ዛሬ ጥፍሯን ተቀብታ «የሟች ስም» የሚለው ሳጥን ውስጥ የአባቱን ስም ፊደል በፊደል ትለቅማለች፣ ድ፣ ዋ፣ ሞ፣ ና፣ ዱኩ ከጀርባዋ ቆሞ ያያል። አባት? የምን አባት፣ ኩማሲ ውስጥ አባት ማለት ስም ያወጣልህ ሰው ነው፣ ለሱ ስም ያወጣለት የእናቱ ወንድም ነው፣ በቃ፣ ሰውዬው ሞቷል፣ ላሽ። ልቡ ግን እንደ አሮጌ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል።

ድሮ እኮ፣ ድሮ ማለት ከፋሲካ በፊት፣ ይሄ ሁሉ በእጁ ነበር፣ የለቅሶ ማስታወቂያው ገጽ በኮድ ነው የሚጻፈው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ፣ ከሱ በቀር ሱቁ ውስጥ የሚያነበው የለም፣ አንዲት መስመር፣ አንድ ስም፣ ጣል ቢያደርግ ማን ያውቃል። ከዚያ አንዲት ምልክት መዝጋት ረሳ። አንዲት። የሌላ ቤተሰብ ሟች ጥቁር ክፈፍ ሳይዘጋ ወደ ታች ፈሰሰ፣ ሚስትየዋን፣ ልጆቹን፣ የቤተ ዘመዱን አለቃ ጭምር «ሟች» ብሎ በቁማቸው ጠቀለላቸው፣ ከተማው በየስልኩ አያቸው። የሱቁ ባለቤት እትዬ ፖክዋ በግና አረቄ ይዛ ይቅርታ ልትለምን ሄደች፣ ስትመለስ፣ አንተ ቀውስ፣ ሁለተኛ ኮድ የሚባል ነገር እንዳላይ፣ ፎርም ሥራልኝ፣ ሰርዋ እንኳ የምትሞላው።

ሠራ። በእልህ ሠራ፣ ከሚገባው በላይ አጠበቀው፣ የቤተ ዘመዱ አለቃ አንዴ ካጸደቀ ማንም ንክች አያደርገውም፣ የኮዱንም የይለፍ ቃል ለእትዬ ፖክዋ አስረከበ፣ እይው፣ እኔም ራሴ አልገባም፣ እያለ፣ ፋራ፣ በገዛ በሩ ላይ ቆልፎ ቁልፉን በፈገግታ የሰጠ ፋራ።

አሁን የድዋሞና ቤተ ዘመድ አለቃ ኦፓኒን ባዱ ወንበሩን ሞልተውታል፣ ጥቁር ጨርቃቸውን ባንድ ትከሻ ጥለው። ልጆች፣ ትላለች ሰርዋ። ጻፊ ልጄ፣ አፍሪዬ፣ ንቲም፣ ሳርፖንግ፣ ትንሿ ዲዋ፣ በቃ። ሌላ የለም አባባ? ምን አግብቷት ነው የምትጠይቀው፣ ታውቃለች እንዴ፣ ዱኩ አንገቱን ያሰግጋል፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን አፉን ከፍቷል፣ ሽማግሌው ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ያዩታል፣ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ ከዚያ የሟቹን ፎቶ፣ ያው ጆሮ፣ እንደገና እሱን።

እናትህ አሁንም ኬጄቲያ ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች?

ትሸጣለች አባባ።

ጎበዝ ሴት ናት። ይሄን የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ነገ አንዱ ዱርዬ መጥቶ ስሙን ሊሸጉጥበት ይችላል?

በለው። ይችላል በለው፣ ዱርዬው እኔ ነኝ በለው፣ እትዬ ፖክዋ በሩ ላይ ክንዷን አጣጥፋ ታየዋለች፣ ሥራው፣ እንጀራው፣ በለው አንተ ፈሪ፣ አፉ ግን ቀድሞት ይሄዳል፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ዕቃ እንደሚያሻሽጥ ሰው፣ ፈጽሞ አይቻልም አባባ፣ አስተማማኝ ነው፣ እኔም ራሴ አልችልም።

ተባረክ። እንግዲያው አጽድቅልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ የቱ ጋ እንደሚጫን አይታየኝም።

ሰርዋ ወንበሯን ትለቅለታለች። አረንጓዴዋ ቁልፍ፣ ቀለሟን የመረጠው እሱ ነው፣ ሰው ሳይፈራ እንዲጫናት። ይጫናታል።

ገጹ ይከፈታል፣ ያምራል፣ አቦ ሲያምር፣ አንዲት ምልክት አልጎደለችው፣ ጥቁሩ ክፈፍ ሟቹን ብቻ አቅፏል፣ ከሥሩ ሚስት፣ ከሥሯ ልጆች፣ ሁሉም በየቦታው፣ የሽማግሌው ጣት ስክሪኑን እየዳበሰ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ግርጌው ላይ ይቆማል። ይሄ ደግሞ የማን ስም ነው? ረስቶት ነበር፣ ያኔ በጉራ በየገጹ ግርጌ የሰካው፣ ከሱቁ ስልክ ጎን፣ በትንሽ ፊደል፣ ዱኩ።

የሠራተኛው ነው አባባ፣ ትላለች እትዬ ፖክዋ እየተጣደፈች፣ ካልወደዱት እናጠፋዋለን።

ተዪው፣ ይላሉ ሽማግሌው ጨርቃቸውን ሰብስበው እየተነሱ፣ ምን ቸገረን፣ ሠራተኛም ስሙ ይታወቅ።