ያልተደመጠው ፎቅ

ኦዲሎን ግንቡን መሥራት የጀመረው ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ዓመት ነበር። መሐንዲስ አልነበረም፤ እንደ አባቱ በጄር ወንዝ ዳር ካለው የድንጋይ ካባ ባልጩት ሲጠርብ ያረጀ ሰው ነው። ዳግመኛ ጦርነት እንዳይነሣ ሰባት ፎቅ ያስፈልጋል ብሎ ያምን ነበር፤ ለምን ሰባት እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ ከዋክብትና ቁጥሮች የታጨቁበትን ደብተሩን ያሳያል። ቢራ ቤት የሚሰበሰቡት ጠራቢዎች፣ ሰውየው ወደ ሰማይ መሰላል እየሠራ ነው፣ እዚያ ቢራ እንደሌለ ግን ማንም አልነገረውም፣ እያሉ ይሳለቁበት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግንቡ የሁለት ሰዎች ሥራ ነበር። ባልጩት ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው በድምፁ ነው፤ በመዶሻ ጫፍ ሲነኩት ጤነኛው እንደ ብርጭቆ ይጮኻል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው እንደ ዳቦ ይታፈናል። የአርባ ዓመት መዶሻ ግን የኦዲሎንን ጆሮ ወስዶታል። ይህን የምታውቅ አብራው የምትኖረው ታናሽ እኅቱ ጊሌን ብቻ ነበረች። ልታጫውተው የመጣች መስላ አጠገቡ ትቆምና ድንጋዩን ሁሉ እየነካች፣ ጤነኛውን በቀኝ፣ በሽተኛውን በግራ ታኖርለታለች። ስለ ጉዳዩ ተነጋግረው አያውቁም። በካባ ሰዎች ዘንድ «ድንጋይህን አዳምጠኸዋል?» ብሎ መጠየቅ «ፊትህን ታጥበሃል?» ከማለት የባሰ ስድብ ነውና።

በአንድ የብርድ ወራት ጊሌን አራስ የሆነችውን የእኅታቸውን ልጅ ልትንከባከብ ወደ ናሙር ከተማ ሄደች። ከሦስት ወር በኋላ ስትመለስ አምስተኛው ፎቅ አልቆ ጠበቃት። ማን እንዳዳመጠው አልጠየቀችም። በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስተኛውና ሰባተኛው በላዩ ሲቆሙም ዝም አለች።

ዝምታዋ የከበዳት፣ ከንቲባው በደብሩ ዓመታዊ በዓል ሕዝቡ ግንቡ ላይ ወጥቶ እንዲጎበኝ በወሰነ ጊዜ ነው። የሙዚቃ ጓድ ተጠራ፤ የሩዝ ታርት የሚባለው ኬክ ታዘዘ። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ከአውራጃው የመጣ ወጣት መሐንዲስ የኦዲሎንን ደብተር አገላብጦ ፈገግ አለና ፈቃዱን ሊፈርም ብዕሩን አወጣ።

«አምስተኛውን ፎቅ ማንም አላዳመጠውም» አለች ጊሌን።

ከንቲባው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሪት ጊሌን፣ ይህን ነገር ከእሑድ በኋላ ብናወራው?»

«እሑድማ ልጆችዎ አናቱ ላይ ይሆናሉ፣ ክቡር ከንቲባ።»

መሐንዲሱ ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። ኦዲሎን የተባለውን አልሰማም፤ እኅቱ መዶሻውን ከወገቡ መዝዛ ደረጃውን ስትወጣ ግን ተከተላት፤ ሁሉም ተከተሉ። አምስተኛው ፎቅ ላይ ከመስኮቱ ጥግ ጀመረች። ድንጋዮቹ በተራ ጮኹ። ዘጠነኛው ታፈነ። ድንጋይን ከመጽሐፍ የተማረው መሐንዲስ እንኳ ልዩነቱን ሰማ። ኦዲሎን የሚያየው መዶሻውን ሳይሆን ፊቷን ነበር።

«ስንት?» አለ፣ ጆሮው የከዳው ሰው በሚናገርበት ከፍ ያለ ድምፅ።

ዙሪያውን ጨርሳ አራት ጣት አሳየችው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

ከንፈሯን እንዲያነብ ወደ እሱ ዞራ፣ ቀስ ብላ መለሰችለት፦ «አንተስ ሁለት ዓመት ሙሉ መቼ ጠየቅኸኝ?»

በዓሉ ሜዳው ላይ ተከበረ፤ ታርቱም ተበልቶ አለቀ። የኦዲሎን መደንቆር ወሬ በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰ። ከቢራ ቤቱ ሰዎች አንዱ፣ ለካስ ያን ሁሉ ዓመት የሰደብነው በከንቱ ነው ብሎ ከልቡ አዘነ።

ኦዲሎን ከእኅቱ ጋር አሥራ አንድ ቀን አልተነጋገረም። ሾርባዋን ይበላል፣ ሳህኑን ያነሣል፣ ይወጣል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት መሰላሉን አስደግፎ ሰባተኛውን ፎቅ ከአናቱ ማፍረስ ጀመረ፤ አራቱ ድንጋዮች ጋ ለመድረስ ሁለት ፎቅ መፍረስ አለበትና። እኩለ ቀን ላይ ወርዶ ከኩሽና አንድ ወንበር አመጣና ካወረዳቸው ድንጋዮች ጎን አኖረው። ሥራው ረጅም ነበር፤ የጊሌን ጉልበትም እንደ ድሮው አልነበረም።

መዶሻዋን ይዛ ሄዳ ተቀመጠች።