የጋሽ ከበበው ዱባ

ትሩፋት ደረቷን ልትመታ እጇን ባነሳች ቁጥር ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዟታል። ሌላው ለቀስተኛ እንዳሻው እየጮኸ፣ እየወደቀ እየተነሳ ለሟች የሚገባውን ያደርሳል። የሟች አንድያ ልጅ ግን እንደ አራስ ትራስ ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች።

«ተይ ልጄ፣ ለሆድሽ እዘኚ» አለቻት ጎረቤቷ ሸጊቱ፣ አንጓዋን ጭብጥ አድርጋ ይዛ። «አባትሽ ቀና ብሎ ቢያይ ይሄን ይወድልሻል?»

ሸጊቱ የእድሩ ሴቶች አለቃ ናት። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛዋ ለቀስተኛ ይበቃታል ተብላ ውሃ እንደሚሰጣት፣ ንፍሮው ጨው ይጨመርበት አይጨመርበት የምትወስነው እሷ ናት። ትሩፋት እርጉዝ ናት ብላ ወስናለች፤ እርጉዝ ደግሞ ደረት አትመታም፣ መቃብር አፋፍ አትቆምም፣ ጦሟን አትውልም። ስለዚህ ሰኞ ዕለት አባቷ ከበበው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ልጁን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ካለው ጽድ ሥር አቁመው ያዟት። ከአባቷ ቀብር የደረሳት የአካፋ ድምፅ ብቻ ነው።

ሴቶቹ በዚህ አላበቁም፣ ለሚወለደው ልጅ ስምም አውጥተውለታል። ሟች ሲሄድ የሚመጣ ልጅ ምትኩ ነው የሚባለው፤ ሌላ ስም ምን ያደርግለታል?

ችግሩ ትሩፋት እርጉዝ አይደለችም።

በሆዷ ያለው ውሃ የቋጠረ እብጠት ነው፤ በግራ በኩል፣ እንቁላል የሚያፈራው አካሏ ላይ የበቀለ። ሐኪሙ ሲስት ይለዋል። ግንቦት ላይ ሲያየው ሎሚ ያህል ነበርና «ከራሱ የሚጠፋም አለ፣ እንጠብቀው» አለ። ጠበቁት። እሱ ግን ለመጥፋት የመጣ አልነበረም፤ ክረምቱን ሙሉ እንደ ጓሮ አትክልት ዝናብ ሲጠጣ ከርሞ መስከረም ላይ ቀሚስ ያጠብባት ጀመር። በጥቅምት መግቢያ ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ሲያንሸራትት ቆየና «የሕፃን ጭንቅላት አክሏል» አላት። ያን ጊዜ ሎሚ ብሎ አሁን ወደ ሕፃን መዝለሉ አላስደሰታትም።

ከዚያ በኋላ የነገራት አጭር ነው። እንዲህ ያለው እያደገ ሄዶ ይጠማዘዛል፣ ካልሆነም ይፈነዳል። ክፉ ይሁን ደግ ወጥቶ ካልታየ አይታወቅም። ሲወጣ የግራውን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ የቀኙ ይቀርላታል። ረቡዕ በማለዳ እህል ውሃ ሳትቀምስ ትምጣ። ሐኪሙ ከዚያ ወዲያ ለትምህርት ውጭ አገር ይሄዳል፤ በእሱ ቦታ ማን መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅም።

ባሏ ጸጋአብ ይህን ሲሰማ አመነታ። ተጋብተው ልጅ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ተቆርጦ ሲወጣ ሌላው አብሮ ቢሰንፍስ የሚል ፍርሃት ይዞታል። እስከ ጥምቀት ጸበል እንሞክር አለ። ትሩፋት ጠዋት ጠዋት ሐኪሙ ልክ ነው ትላለች፣ ማታ ማታ ባሏ። እንዲህ ስትል ረቡዕ ቀረበ፤ ረቡዕ ደግሞ የአባቷ ሰልስት ሆኖ ቁጭ አለ።

እርግዝናውን የፈጠረው ከበበው ራሱ ነው።

ያን ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ አባትና ልጅ ጎፋ ላይ ታክሲ ሊቀይሩ ወረዱ። ሸጊቱ ሽንኩርት የሞላ ዘንቢል ይዛ ከፊታቸው ዱብ አለች፤ ዓይኗም ሰላምታውን ሳትጨርስ ትሩፋት ሆድ ላይ አረፈ። ትሩፋት ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሳበች።

«ምን ታፈጫለሽ ሸጊቱ፣ አያት ልሆን ነው» አለ ከበበው።

እዚያ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። ማቆም ግን አልፈጠረበትም። ሐኪሙ በቴሌቪዥን እንዳሳያቸው፣ ልጁ እግሩን አጣጥፎ ካርታ ሲጫወት በዓይኑ በብረቱ እንዳየው፣ ይባስ ብሎም እያጭበረበረ መሆኑን ጨመረበት።

ከበበው ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ የኖረ ሰው ነው። ላፍቶ ገና ማሳ ሳለ በጭጋግ አህያ መስሎት ጅብ ጭኖ ወፍጮ ቤት ደርሶ መመለሱን፣ ጅቡም ሥጋ ቤት ባየ ቁጥር ቆም ከማለት በቀር ምንም እንዳላስቸገረው በልጁ ስም ይምላል። የቆፈረው ጉድጓድ ጥልቀቱ ለጉድ ስለሆነ መስከረም ላይ የጣለው ባልዲ ውሃ ሲነካ የሰማው ለጥምቀት ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ ያመነለት ሰው አልነበረም። ይቺን ግን መካኒሳ በሙሉ አመነች።

ቤት ሲገቡ ትሩፋት ተቆጣችው። አባዬ፣ በምን ዕዳዬ ነው ይሄን የምትጭንብኝ አለችው። እሱ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ዝም ብንል ስንቱን ይሉ ነበር? ውሸቴን እንደ ጃንጥላ ያዢው። ዝናቡ ሲያባራ ታጥፊዋለሽ።»

ዝናቡ ሳያባራ ጃንጥላውን የሰጣት ሰው ሞተ።

አሟሟቱም እንደ ኑሮው ነው። እሑድ ከሰዓት ከልብስ ሰፊው ዳባ ደጃፍ ተቀምጦ ሲያወራ ድንገት አንገቱን ዘንበል አደረገ። ሰዎቹ የወሬው አካል መስሏቸው ጠበቁ። አንዱማ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎታል።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሸጊቱ ትንሽ አየር ትቅመስ ብላ ፈቀደችና ትሩፋት ከድንኳኑ ጥግ ወንበር ተሰጣት። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ካርታ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ለቅሶ ቤት ዝም ካለ ሐዘንተኛው ይብስበታል ይላሉ። በሹክሹክታ ግን ክርክር ይዘዋል። የሚከራከሩት ስለ ዱባው ነው።

የዱባውን ወሬ መካኒሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከበበው ላፍቶ ላይ ዱባ ተከለ። ዱባው አደገ፤ ዛሬ ልቁረጠው፣ ነገ ልቁረጠው ሲል አጥሩን ገፍቶ ጣለ። እንደገና ዛሬ ነገ ሲል የጎረቤቱን ግድግዳ ደገፈ፣ መንገድ ዘጋ፣ ቀበሌ መጥቶ የቤት ቁጥር ለጠፈበት። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ አድማጩ ይለያያል፤ አንዳንዴ በግ ያድርበታል፣ አንዳንዴ ሠርግ ይደገስበታል። በአንዱም ጊዜ ግን ዱባው ተቆርጦ አያውቅም።

ጋሽ ዳባ ካርታውን ደረቱ ላይ ደፍቶ ወደ ትሩፋት ዞረ። እሑድ ዕለት ሟች ወሬውን ሌላ መንገድ እንዳስያዘው ነገራት። አጥሩንም ግድግዳውንም እንደ ወትሮው አፈራረሰው፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጄ ቢላ ይዛ መጣች አለ። እናንተ ወንዶች ፈዛችሁ ስትቀሩ እሷ መጥታ ከመሃል ከፈለችው አለ። ከዚያም አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«አሁን የምንጣላው ከውስጡ ምን ወጣ በሚለው ነው» አለ ዳባ። «እኔ ወርቅ ነው እላለሁ። እነዚህ ጅቡ ነው ይላሉ። አንቺ ልጁ ነሽ፣ መቼም ሹክ ሳይልሽ አይቀርም።»

«አልነገረኝም፣ ጋሽ ዳባ።»

«እንግዲያው ይዞት ሄደ በያ።»

ዳባ ካርታውን መልሶ አነሳ፤ ግን አልጣለም። አባትሽ ይሄን ወሬ የጀመረው እናትሽን የቀበርን ሰሞን ነበር፣ እንዲህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ነው አላት።

ትሩፋት ያን ድንኳን ታስታውሰዋለች። ልጅ ነበረች፤ አባቷ አጥሩ ሲወድቅ በአፉ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምታ በእናቷ ለቅሶ ላይ ከት ብላ ስቃለች። ከዚያ በፊት ያለውንም ታስታውሳለች። እናቷ ጋቢ ደርባ ያበጠ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ከቤት ጓሮ፣ ከጓሮ ቤት ትመላለስ ነበር። አባቷ አንዱን ጸበል ጨርሶ ሌላውን ያስባል፤ ሐኪም ቤትማ ዛሬ እንሂድ፣ ነገ እንሂድ ነበር ቃሉ። ዛሬ፣ ነገ። ያን ጊዜ ወሬው የዱባ መስሏት ነበር።

ሲመሻሽ ጸጋአብን ጓሮ ወስዳ ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ አለችው።

«የሰላሌ ዘመዶችሽ በሌሊት ተነስተው ነው የሚመጡት» አለ። «የአባቷን ሰልስት ጥላ ሄደች ይሉሻል።»

«ይበሉኝ።»

ጸጋአብ አጥሩን አየ። አጥሩ ላይ እውነተኛ ዱባ ተንጠልጥሏል፤ መጠኑ ከሌላው የማይለይ፣ ያለ ወሬ የበቀለ ዱባ። ከበበው በየዓመቱ ይተክላል፣ ቁረጠው ሲሉት ገና ነው ይላል፤ በየዓመቱ እዚያው አጥሩ ላይ ይበሰብሳል።

«እኔ ፈርቼ ነው» አለ ጸጋአብ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ» አለችው።

ረቡዕ ሲነጋ ሸጊቱ ሙሉ ትሪ ይዛ መጣች። ለሌላው የጾም ቀን ነው፣ ለእርጉዝ ግን ምን ጾም አለ፤ የነፍስ አባቷን ሳይቀር አስፈቅዳላት ነበር። እንጀራውን በሽሮ ጠቅልላ ጉርሻውን አፏ ድረስ አመጣችው። ትሩፋት ራቅ አለች።

«ብዪ እንጂ። ለሁለት ነው የምትበዪው።»

«እትዬ ሸጊቱ፣ ልጅ አይደለም።»

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ትሩፋት ሳትቸኩል ነገረቻት፤ ውሃ መቋጠሩን፣ መጠኑን፣ ዛሬ ሊወጣ መሆኑን፣ ሳይወጣ ምንነቱ እንደማይታወቅ። ሸጊቱ እስከ ጫፍ ሰማች። ከዚያ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችው።

«እግሩን አጣጥፎ ካርታ ሲጫወት አየሁት ብሎኝ ነበር» አለች።

«ብሏል።»

«ያጭበረብራል ብሎኝ ነበር።»

ሸጊቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አጠገቧ የነበሩት ሴቶች አልለዩም። «ስንት ዘመን ሲዋሸኝ ኖሮ» አለች ትንፋሿ ሲመለስ፣ «አንዴ ባምነው አንዴ!»

ከዚያ ፊቷን ጠረገችና የእድር አለቃነቷ ተመለሰ። ትሩፋትን የያዙትን ሴቶች ልቀቋት አለቻቸው። ለቀቋት። «በይ ልጄ፣ አባትሽን አልቅሺ። ታክሲው ይጠብቅሻል፣ ባልሽ ይቁምልሽ። ለሰላሌዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ማን አፉን እንደሚከፍት አያለሁ።»

ትሩፋት ቆመች። እጇን አነሳች፤ የሚይዘው ሰው ስለጠፋ እጇ ለአፍታ ግራ ገባው። ከዚያ ደረቷን መታች። አባዬ አለች፤ ደግማ መታች። ድምፁ ድንኳኑ ድረስ ስለተሰማ ወንዶቹ ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

አልቅሳ ሲበቃት ወጥ ቤት ገብታ ትልቁን ቢላ አነሳች። የሰልስቱን ወጥ የሚሠሩት ሴቶች መንገድ ለቀቁላት። አጥሩ ሥር ሄዳ ሐረጉን በጠሰች፣ ዱባውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፣ በጉልበቷ ደግፋ ከመሃል ከፈለችው። ዳባ ከድንኳኑ ወጥቶ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይመለከት ነበር።

«ምን ወጣ?» አለ።

«ፍሬ ነው፣ ጋሽ ዳባ። ፍሬና ቃጫ።»

«እሺ» አለ ዳባ፤ ለከበበው ይል እንደነበረው። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስመለስ ነው።»

ዱባውን ለወጥ ለሴቶቹ ሰጠች። ጸጋአብ ጋቢዋን ክንዱ ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል። ትሩፋት ጎንበስ ብላ ከድንጋዩ ላይ አንድ እፍኝ ፍሬ ዘገነች፤ እርጥቡን እንዳለ በሐዘን ነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ እጇ ስላሟለጫት ቋጠሮውን በጥርሷ ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። ከትናንት ጀምሮ አፏን የነካ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።